አልቃሹ ካህን፣ ኢናናና የክትፎው ውርርድ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ከአክስቴ ልጅ ጋር ክርክር ከገጠምን ሁለት ሳምንት ሆነን። እሱ እንደሚለው በጥንት ዘመን በሁሉም ሕዝቦች ዘንድ ወንድም ሴትም ያልሆኑ ሰዎች እንደ ቅዱስ ይታዩ ነበር። ካህናትና ነቢያት ነበሩ። ያጠፋቸው ክርስትናና ቅኝ ግዛት ነው። ማስረጃ ብሎ ሦስት ነገር ላከልኝ፦ ኢናና ለምትባል ሴት አምላክ የተጻፈ መዝሙር፣ 'ወንድም ሴትም ያልሆነ ፍጡር' የሚል የሱመር ተረት፣ እና እንግሊዝ አገር ተቆፍሮ የወጣ አጽም። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ፈረንጆች ሰሞኑን የፈጠሩት ነው ባይ ነኝ። ክትፎ ተወራርደናል። ማነው ትክክል?»

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ስህተታችሁ ግን እኩል አይደለም። የእርስዎ «ሰሞኑን የተፈጠረ ነው» የመጀመሪያው የሸክላ ጽላት ሲገለጥ ይወድቃል። የአክስትዎ ልጅ ያለው ከፊሉ እውነት ነው። የሚያበላሽበት «ሁሉም» እና «ቅዱስ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። በሥርዓት ላይ የሴት ድርሻ የሚይዝ ወንድ አለ። የተሰለበ ሰው አለ። ዕድሜ ልኩን በሌላው ጾታ ወግ የሚለብስና የሚሠራ ሰው አለ። ዛሬ ደግሞ «ጾታዬ ከተወለድኩበት የተለየ ነው» የሚል ሰው አለ። አራቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ጥንታዊ ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። ክርክሩ የሚበላሸው አንዱን አይተን አራቱንም ስናነብ ነው።

አሁን ወደ ሱመር፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ። እዚያ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሙሾ ካህናት ነበሩ። በአካድኛ፣ ማለትም በዚያው አገር ከሱመርኛ ጎን በሚነገረው ቋንቋ፣ «ካሉ» ይባላሉ። ሥራቸው ማልቀስ ነው። ሰው ሲሞት ያለቅሳሉ፣ የቤተ መቅደስ ግድግዳ ፈርሶ ሊታደስ ሲል ያለቅሳሉ፣ ከተማ ሲጠፋ ያለቅሳሉ። እኛ ዘንድ አልቃሿ ግጥሟን እየደረደረች ለቀስተኛውን እንደምታስለቅሰው ነው። ልዩነቱ የሱመሩ አልቃሽ ዋና አድማጩ ሰው አለመሆኑ ነው። የሚያለቅሰው የተቆጣ አምላክ ልቡ እንዲራራ ነው። ከበሮ ይመታል፣ ያዜማል። የሚያዜምበት ቋንቋ ደግሞ ተራው ሱመርኛ አይደለም። ኤመሳል ይባላል፤ «ስስ ምላስ» እንደማለት። በሱመር ግጥሞች ውስጥ ሴት አማልክት አፋቸውን ሲከፍቱ የሚናገሩት በዚህ ነው። እንግዲህ ወንድ ካህን ቆሞ በሴት አንደበት ያለቅሳል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ያነብና «ይኸው፣ ሦስተኛ ጾታ!» ይላል። ይቆይ። የአስተዳደር መዝገቦች አሉ፤ ስንት ገብስ ለማን ተሰፈረ የሚሉ ዓይነት። እነዚህ መዝገቦች ሚስትና ልጆች ያሏቸውን አልቃሽ ካህናት ያሳዩናል። በኋላ ዘመን፣ ከታላቁ እስክንድር ወዲህ፣ በኡሩክ ከተማ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ርስት ሆኖ ነበር። ራሳቸውን የሲን-ለቂ-ኡኒኒ ልጆች ይሉ ነበር። የተማሩ፣ የተከበሩ፣ የከዋክብትን እንቅስቃሴ በጽላት የሚያሰሉ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው በባሕርዩ ለሴት የቀረበ ሰው አልነበረም ልል አይደለም። ስለ አልቃሾቹ የሚያላግጡ የሱመር ምሳሌያዊ አነጋገሮች ስላሉ ሕዝቡ የሆነ ነገር ያያቸው ነበር። ግን «በሴት ድምፅ አለቀሰ» ማለት «ወንድ አልነበረም» ማለት አይደለም።

ይህ ለእኛ ሰው ያን ያህል እንግዳ መሆን የለበትም። ዛር የሚወርድባትን ሴት ያየ ያውቀዋል። እሷ «ፈረስ» ናት፤ የተቀመጠባት ዛሩ ነው። የተቀመጠው ወንድ ዛር ከሆነ ድምፁ ይጎረንናል፣ ይፎክራል፣ ያቅራራል። ልጅ ሳለሁ አንዲት የሰፈራችን ባልቴት ዘንድ ቡና ሲፈላ፣ ሰዉ ሁሉ እሷን «ጌታዬ» እያለ ሲያጎነብስ አይቻለሁ። ዛሩ ሲለቃት ነጠላዋን አስተካክላ ሽሮዋን ልታማስል ጓዳ ገባች። ማንም ግራ አልተጋባም። «ጌታዬ» የተባለው ለዛሩ ነበር።

ከአልቃሾቹ ይልቅ የአክስትዎን ልጅ የሚጠቅሙት «አሲኑ» እና «ኩርጋሩ» የሚባሉት የኢሽታር አገልጋዮች ናቸው። ኢሽታር የኢናና የአካድኛ ስሟ ነው። ስለ ባቢሎን ጥፋት በሚናገረው የኤራ ግጥም ላይ፣ ኢሽታር የእነዚህን ሰዎች ወንድነት ወደ ሴትነት የለወጠችው ሕዝቡ እንዲፈራ ነው ይላል። በጣም ግልጽ መስመር ነው። ፈጠራ ነው የሚለው ወገን ይህን መመለስ አይችልም። ያም ሆኖ ምን ማለት እንደሆነ ሊቃውንቱ ይጣላሉ። ተሰልበው ነበር የሚሉ አሉ፤ ይህን በቀጥታ የሚል ጽላት ግን የለም። ሌሎች ደግሞ እነዚህ ሰዎች ሰይፍና ጩቤ ይዘው የጦርነት ጭፈራ የሚጨፍሩ ስለነበሩ «ለስላሳ» ያደረግናቸው እኛ ነን ይላሉ።

ነቢይነትን በተመለከተ ማስረጃ አለ፤ ይህን የአክስትዎ ልጅ አለመላኩ ገረመኝ። ዛሬ በሶርያ ከኢራቅ ድንበር አጠገብ ማሪ የምትባል ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን ዚምሪ-ሊም የሚባል ንጉሥ ነግሦባታል። ንግሥቲቱ ሺብቱ ለባሏ የጻፈችው ደብዳቤ ተገኝቷል። ሼሌቡም የተባለ አሲኑ አኑኒቱም በምትባል ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ ውስጥ መንፈስ ወርዶበት «ዚምሪ-ሊም ሆይ፣ በዓመፅ ሊፈትኑህ ነው፤ ራስህን ጠብቅ» ብሏል ትላለች። ቤተ መንግሥቱ ሰማው፣ መዘገበው። ግን ልብ ይበሉ፦ በማሪ የነቢይ ቃል ሲመጣ ከጠጉሩ ቆንጥረው፣ ከልብሱ ጫፍ ቆርጠው አብረው ይልኩ ነበር። በሌላ የጥንቆላ መንገድ ቃሉ እውነት መሆኑ እንዲጣራ ነው። አሲኑ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚደረገው፤ ተራ ሰውም ሴትም ትንቢት ሲናገሩ እንዲሁ ነው። አሲኑነቱ ተናጋሪ ከመሆን አልከለከለውም። ከመጠርጠርም አላዳነውም።

አሁን ወደ ላከልዎት ተረት። ኢናና ወደ ሙታን አገር ወርዳ ትሞታለች፤ ሬሳዋ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ጠቢቡ አምላክ ኤንኪ ከጥፍሩ ሥር እድፍ ያወጣና ሁለት ፍጡራን ይሠራል። አንዱ ኩርጋራ ነው፤ ከላይ ያየነው «ኩርጋሩ» በሱመርኛ። የሌላኛው ስም ሲተረጎም «ትንሹ አልቃሽ» ማለት ነው። እንደ ዝንብ በበሩ ስንጥቅ ሾልከው ይገባሉ። የሙታን ንግሥት ኤሬሽኪጋል እንደ ወላድ እያማጠች ታቃስታለች፤ «ወይኔ ሆዴ» ስትል እነሱም «ወይኔ ሆድሽ» ይሏታል። ሐዘኗን ስለተጋሯት ልቧ ይራራል፤ ስጦታ ልስጣችሁ ትላለች። እነሱ ሬሳውን ይጠይቃሉ። በዚህ መንገድ ኢናና ትድናለች። አለቃቀስ የሙታንን በር ሲከፍት የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ተረት አላውቅም።

«ወንድም ሴትም ያልሆነ ፍጡር» የሚለው ሐረግስ? በሱመርኛው ውስጥ የለም። በ20ኛው መቶ ዘመን ለሰፊው አንባቢ በተዘጋጀ ትርጉም ውስጥ ማብራሪያ ሆኖ የገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀዳ «የአራት ሺህ ዓመት ጥቅስ» ሆነ። ምሁራዊ ግምት ነው፤ ከመሬት የተነሳ ግምትም አይደለም። ግን ጥቅስ አይደለም። የአክስትዎ ልጅ ቢያንስ እዚህ ላይ ተሸንፏል።

ይባስ ብሎ፣ የዚሁ ታሪክ አካድኛ ቅጂ «ቅዱስ ነበሩ» የሚለውን ሐሳብ በጥፊ ይመታዋል። በዚያ ቅጂ ኤሬሽኪጋልን የሚያታልላት አሱሹናሚር የሚባል አንድ አሲኑ ነው። መታለሏን ስታውቅ ትረግመዋለች፦ የከተማው የቆሻሻ ቦይ መጠጥህ ይሁን፣ የግድግዳ ጥላ መቆሚያህ ይሁን፣ ሰካራሙም የተጠማውም ጉንጭህን ይምታህ። ይህ እርግማን የት የሚኖሩ ሰዎችን እንደሚገልጽ መገመት አይከብድም። ሴት አምላክን ያዳነው ሰው ግድግዳ ጥግ ቆሞ በጥፊ ይመታል። ሥርዓት ላይ መፈለግና ሰፈር ውስጥ መከበር ለየቅል ናቸው። እኛም አገር ማረሻና ማጭድ የሚሠራውን ቀጥቃጭ ያለ እሱ መኖር እያቃተን «ቡዳ» እያልን ስንሸሸው ኖረናል።

የኢናናን መዝሙር በተመለከተ መስመሩ እውነተኛ ነው። «ወንድን ሴት፣ ሴትን ወንድ ማድረግ የአንቺ ነው ኢናና» ይላል። የአካዱ ንጉሥ ሳርጎን ልጅ ኤንሄዱአና የጻፈችው ነው ይባላል፤ ያ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2300 ገደማ ያደርሰናል። በእጃችን ያሉት ቅጂዎች ግን ከዚያ 500 ዓመት ያህል ዘግይተው የተገለበጡ ናቸው። የእሷ መሆኑን የሚጠራጠሩም አሉ። ዋናው ጉዳይ ግን መስመሩ ብቻውን አለመቆሙ ነው። ከፊቱና ከኋላው ረጅም ዝርዝር አለ፦ ማፍረስ የአንቺ ነው፣ መገንባት የአንቺ ነው፣ መንቀል፣ መትከል። መዝሙሩ «ይህች አምላክ የማትገለብጠው ነገር የለም» እያለ ነው። ውዳሴ ለሥልጣኗ ነው፤ ለተለወጠው ሰው አይደለም።

እንዲያውም ይኸው ሥልጣን እርግማን ሆኖ ይመጣል። በዛሬዋ ቱርክ የነበሩት የኬጢያውያን ወታደሮች ቃለ መሐላ ሲገቡ የሴት ልብስ፣ መፍተያ እንጨትና መስታወት ይቀርብ ነበር። ፍላጻም ይሰበራል። መሐላውን ያፈረሰ ወንድ ሴት ይሁን፣ ልብሷን ይልበስ፣ መፍተያዋን ይያዝ ይባላል። የአሦር ንጉሥ አስራዶንም ሐውልቱን የሚያፈርስ ሰው ላይ ኢሽታር ወንድነቱን ወደ ሴትነት እንድትለውጥበት ይራገማል። መዝሙሩን የላከልዎት ሰው መሐላውን አብሮ ይላክ።

ከመስጴጦምያ ወጣ ስንል እስኩቴሶችን እናገኛለን፤ ቆላስይስ መልእክት ላይ ስማቸው ያለው ፈረሰኞቹ ናቸው፣ ከጥቁር ባሕር ሰሜን። ስለ እነሱ ያለን ነገር ለዚህ ክርክር ከሁሉም ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም የጥንት ሰዎች ራሳቸው እንደ እናንተ ተከራክረውበታል።

ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ጽፏል። እስኩቴሶች አስቀሎና ላይ የሴት አምላክ ቤተ መቅደስ ስለዘረፉ ሴቷ አምላክ ዘራፊዎቹንና ዘሮቻቸውን «የሴት በሽታ» አወረደችባቸው ይላል። እነዚህን ሰዎች ኤናሬስ ይላቸዋል። ጠንቋዮች ናቸው፤ የዛፍ ልጥ ሦስት ቦታ ሰንጥቀው ጣታቸው ላይ እየጠመጠሙና እየፈቱ ይተነብያሉ። ስጦታውን የሰጠችን ሴቷ አምላክ ናት ይላሉ። እንግዲህ ቅጣቱም ስጦታውም ከአንድ እጅ ነው። እስኩቴስ አገር ጠንቋይ መሆን ደግሞ እንጀራው ቀላል አልነበረም። ሐሰተኛ ተብሎ የተፈረደበት ጠንቋይ ጭራሮ በተጫነ የበሬ ጋሪ ላይ ታስሮ ይቃጠል ነበር።

ከዚያ አንድ ሐኪም ይመጣል። ሥራው በሂፖክራተስ ስም ይታወቃል። ስለ አየር፣ ስለ ውኃና ስለ ቦታ በጻፈው ውስጥ ስለ እነዚሁ ሰዎች ያነሳል። የሴት ሥራ ይሠራሉ፣ እንደ ሴት ይለብሳሉ፣ እንደ ሴት ይናገራሉ ይላል። የአገሩ ሰው ከአምላክ ነው ብሎ ያመልካቸዋል፤ ለምን ቢባል እያንዳንዱ ለራሱ ስለሚፈራ ነው። ሐኪሙ ግን አይዋጥለትም። በሽታ ሁሉ እኩል ከአምላክ ነው፣ እኩል ደግሞ ምክንያት አለው ይላል። በእሱ አስተያየት ጥፋቱ የፈረስ ነው። ዕለት ተዕለት ፈረስ ላይ ስለሚውሉ ይታመማሉ፣ ከዚያ ለመዳን ከጆሯቸው በስተኋላ ያለውን ሥር ይበጣሉ፣ ያ ደግሞ ወንድነታቸውን ያጠፋዋል። ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው ያስቃል፦ ከአምላክ ቢሆን ኖሮ በብዛት የሚታመሙት መሥዋዕት የማያቀርቡት ድሆች በሆኑ ነበር፤ የሚታመሙት ግን ፈረስ ያላቸው ሀብታሞች ናቸው።

የሕክምናው ግምት ትክክል አይመስለኝም። ግን ከዚህ ምንጭ ሁለት ነገር እንወስዳለን። ሰዎቹ ነበሩ፤ ሁለት የማይስማሙ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ክብሩም ነበር፤ ከፍርሃት የተቀላቀለ ክብር። «ይከበሩ ነበር» ያለ ሰው «ይፈሩ ነበር» የሚለውን ካልጨመረ ግማሹን ነው ያነበበው። አንድ ነገር ግን ሁሌም ያሳዝነኛል። የጻፉልን ሁለቱም ግሪኮች ናቸው። ከኤናሬሶቹ አንዱ ስለራሱ የተናገረው አንዲት መስመር የለችም።

ሮም ላይ ደግሞ ሲቤሌ የምትባል ሴት አምላክ አገልጋዮች አሉ፤ ጋሊ ይባላሉ፣ አንዱ ሲሆን ጋሉስ። የካርታጎ የጦር መሪ ሃኒባል ጣልያንን ሲያስጨንቅ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204፣ ሮማውያን የትንቢት መጻሕፍታቸውን ገልጠው ከትንሿ እስያ ሲቤሌን አስመጡ። የመጣችው በጥቁር ድንጋይ አምሳል ነው። በ191 ፓላቲን ኮረብታ ላይ ቤተ መቅደሷ ተመረቀ። አብረው የመጡት ካህናት ራሳቸውን የሚሰልቡ፣ ጠጉራቸውን የሚያስረዝሙ፣ ደማቅ ልብስ የሚለብሱ ነበሩ። ሮም ምን አደረገች? ሴቷን አምላክ ከመሀል ከተማ አስቀመጠች፤ የገዛ ዜጎቿ ግን የእነሱን አገልግሎት እንዳይገቡ ከለከለች። በ77 ደግሞ ጌኑክዮስ የተባለ ጋሉስ ውርስ ተናዞለት ክርክር ተነሳ። ቆንስሉ ማመርኩስ ኤሚልዮስ ሌፒዱስ ውርሱን ሻረበት፤ ምክንያቱ ወንድም ሴትም ሊባል አይችልም የሚል ነው። ያ ሐረግ በጥንት ምንጭ ውስጥ አለ እንግዲህ። ያለው ግን ሰውን ከርስት ለማስቀረት በተሰጠ ፍርድ ላይ ነው። ክርስቶስ ገና አልተወለደም።

የእንግሊዙ አጽም ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነው። ሰሜን ዮርክሻየር ውስጥ ካተሪክ የሚባል ቦታ የሮማውያን ሰፈር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ቁፋሮ የ4ኛው መቶ ዘመን መቃብር ተገኘ። ወጣት ወንድ ነው ተባለ። አንገቱ ላይ ከጥቁር ጄት ድንጋይ የተሠራ ሐብል፣ ክንዱ ላይ አምባር፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልቦ፣ አፉ ውስጥ ሁለት ጠጠሮች። እንዲህ ያለ ጌጥ በዚያ አገር የሴቶች ስለነበር፣ በ2002 ውጤቱ ሲታተም «ጋሉስ ሳይሆን አይቀርም» ተባለ፤ ጋዜጦች «ሳይሆን አይቀርም» የምትለውን ጣሏት። በስሙ የተጻፈ ድንጋይ የለም፣ የሲቤሌ ምስል የለም። ሟች ደግሞ ራሱን አያስጌጥም፤ የሚያስጌጡት ቀባሪዎቹ ናቸው። የአጽምን ጾታ ከአጥንት ቅርጽ መለየትም ሁልጊዜ መቶ በመቶ አይደለም። ጥሩ ግምት ነው እላለሁ። ሙግት ለማሸነፍ ግን አይበቃም።

«ያጠፋቸው ክርስትናና ቅኝ ግዛት ነው» የሚለው በከፊል ይቆማል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ፣ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በግብፅ የአባይን ወንዝ የሚያገለግሉ እንደ ሴት የሚሆኑ ካህናት እንዲጠፉ ማዘዙን እያመሰገነ ይጽፋል። ሰሜን አፍሪካዊው አውግስጢኖስ የካርታጎ ጎዳና ላይ ያያቸውን ጋሊዎች፣ ጠጉራቸው በሽቱ የራሰ፣ አረማመዳቸው የሴት፣ ከነጋዴው ምጽዋት የሚሰበስቡ እያለ በንቀት ይገልጻቸዋል። ሕንድ ውስጥ የእንግሊዝ አስተዳደር በ1871 ባወጣው ሕግ ሂጅራዎችን፣ ማለትም ወንድ ሆነው ተወልደው በሴት ወግ የሚኖሩ ሰዎችን፣ በመዝገብ እየመዘገበ እንደ ወንጀለኛ ተቆጣጥሯቸዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን የሮም ክልከላም፣ የኬጢያውያን መሐላም፣ የኤሬሽኪጋል እርግማንም ከዚያ በፊት ናቸው። ንቀቱን ክርስትና አልፈጠረውም፤ ሲመጣ ጠበቀው።

ሂጅራዎቹን፣ የኢንዶኔዥያ ቡጊስ ሕዝብ ቢሱ ካህናትን፣ በአሜሪካ የዙኒ ሰው የነበረችውን ዌዋን በአንድ ቅርጫት «ጥንታዊ» ብሎ መጨመርም ልክ አይደለም። ዌዋ ወንድ ሆና ተወልዳ እንደ ሴት የኖረች፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ የታወቀች፣ በ1886 ዋሽንግተን ሄዳ ፕሬዝዳንት ክሊቭላንድን ያገኘች ናት። ያ ከዓድዋ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እነዚህ ከሱመር ይልቅ በብዙ እጥፍ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ናቸው፤ ሰዎቹ በፎቶ አሉ፣ ዘመዶቻቸው ተናግረዋል። ግን ማስረጃቸው የቅርብ ዘመን ነው። ዛሬ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚጠቀሙበት «ሁለት መንፈስ» የሚለው ስም ራሱ በ1990 በካናዳ ዊኒፔግ በተደረገ ስብሰባ የወጣ ነው። ስሙ አዲስ ነው፤ የሚጠራቸው ሰዎች ግን አዲስ አይደሉም።

ከአገራችንም አንድ ልጨምር፤ የሚያስገርማችሁ ይመስለኛል። ዶናልድ ዶንሃም የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1970ዎቹ ደቡብ ኢትዮጵያ ማሌ ውስጥ ኖሮ አጥንቷል። «አሽቲሜ» የሚባሉ፣ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ በባህላዊው ንጉሥ ቤትና ሥርዓት ላይ ቦታ የነበራቸው ሰዎች እንደነበሩ መዝግቧል። እሱ ሲደርስ ልማዱ ሊያልቅ ጫፍ ላይ ነበር። ስለዚህ «የፈረንጅ ፈጠራ» የሚለው ሙግት አገር ቤትም አያስኬድም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ጃንደረባ ግን ባታነሱት ይሻላል። እሱ የህንደኬ ግምጃ ቤት ሹም ነው፤ ጽሑፉ ስለ ሹመቱና ስለ እምነቱ ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሚለብስ ወይም ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ አንዲት ቃል አይልም።

ምክሬ ይህ ነው። «ሁሉም» የሚለውን ቃል ሁለታችሁም ጣሉት። ቀጥሎ ማንም ማስረጃ ሲልክ፣ በመጀመሪያው ቋንቋ ቃሉ ምንድን ነው፣ መቼ ተጻፈ፣ የጻፈው ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት ብላችሁ ጠይቁ። ሥዕል ላይ የተጻፈ ያለ ምንጭ የሚዞር ጥቅስ ከሆነ ዝም ብላችሁ እለፉት። ለአክስትዎ ልጅ የምመርጥለት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «በአንዳንድ ጥንታዊ አምልኮዎች ውስጥ፣ በተለይ በኢሽታርና በሲቤሌ ዘንድ፣ ከተለመደው የወንድ ወግ የወጡ ሰዎች የታወቀ የሥርዓት ድርሻ ነበራቸው፤ ድርሻው ግን ከንቀት አላዳናቸውም።» ይህን የሚያፈርስበት ሰው አይኖርም። እርስዎ ደግሞ «ፈጠራ ነው» ከማለት «ይህ መስመር ኋላ የተጨመረ ነው» ወደ ማለት ይውረዱ፤ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ያሸንፋሉ።

አንድ ጥንቃቄም አለ። ዛሬ ሰፈራችሁ ያለ ሰው እንዴት ይያዝ የሚለውን ጥያቄ በዚህ ክርክር ልትፈቱት አትሞክሩ። ማሪ ውስጥ ነቢይ ስለነበረ ሰው ዛሬ መብት አያገኝም፤ ሮም ውስጥ ውርስ ስለተከለከለም መብት አይነጠቅም። በጥንት ዘመን ባሪያ መሸጥም ነበረ፣ ኤመሳልም ነበረ።

ክትፎውን በተመለከተ፣ ከተላኩልዎት ሦስት ማስረጃዎች ተረቱ ላይ ያለው ሐረግ ወድቋል፣ መዝሙሩ እውነተኛ ሆኖ ሌላ ነገር ይላል፣ አጽሙ ግምት ነው። የእርስዎ ሙግት ደግሞ ከማሪ ደብዳቤ አያልፍም። ግማሽ ግማሽ ክፈሉ። አይብና ጎመኑን ግን እርስዎ ይጨምሩ፤ የባሰው ስህተት የእርስዎ ነው።